ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቱሉ ጉዶ፦ ክረምትን በዝዋይ ደሴቶች

እኔና ባለቤቴ አስተማሪዎች ነን። ረጅም እረፍት አብረን የምናገኘው በክረምት ብቻ ነው። ክረምት ደግሞ አዲስ አበባ ዳር ባለው ሰፈራችን በቱሉ ዲምቱ ጭቃና ብርድ ነው። ስለዚህ ፍልሰታ እንደተፈታ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ለመውረድ ወሰንን። በጀልባ ደሴቶቹን ልናይ ነው።

«በዚህ ዝናብ?» ያሉን ብዙ ናቸው። እኔ ግን አሁንም ቢሆን የምመርጠው ክረምትን ነው። እዚያ ዝናቡ እንደኛ ሰፈር ቀኑን ሙሉ አይጨቀጭቅም። አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ይጥልና ጠዋት ይከፍታል። ደሴቶቹም በጋ ላይ የማይገኝ ልምላሜ ይለብሳሉ።

የእኛ ሰፈር ለዚህ ጉዞ ይመቻል። የፍጥነት መንገዱ መግቢያ አጠገባችን ነው። በሞጆና በመቂ አድርጎ ሐይቁ ዳር ያለችው ባቱ (ዝዋይ ከተማ) ያደርሳል። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማለዳ ተነስቶ ደርሶ መልስ ማድረግ የሚቻል ይመስላል፤ ባለቤቴም መጀመሪያ ያሰበው እንደዚያ ነበር። አምስቱንም ደሴቶች በአንድ ቀን ማዳረስ ፈልጎ ነበር።

ሐሳቡን ያስቀየሩት ባቱ ላይ ያገኘናቸው የጀልባ ነጂ ናቸው። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ቱሉ ጉዶ የሚባለው ደሴት መሄድ እንደምንፈልግ ነገርናቸው። «ልጄ፣ ስድስት ሰዓት ካለፈ አልመልሳችሁም» አሉኝ። «ወይ በጊዜ እንመለስ፣ ወይ እደሩ።» ጉዟችንን ያሳመረው ይህ ንግግር ነው። እንድናድር ተስማማን።

ምክንያቱን በኋላ ከሐይቁ ጋር ስንተዋወቅ ገባኝ። ዝዋይ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 9 ሜትር አካባቢ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጫጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ጀልባዋን ያናጋታል። ለልምምድ ብለን ቀደም ሲል ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተከራይተን ነበር። ባቦጋያ ከዝዋይ በብዙ እጥፍ ይጠልቃል። ግን ትንሽ ነው፣ ዙሪያውንም ገደል ስለከበበው ውሃው ረጋ ያለ ነው። ሰው የሚፈራው ጥልቀትን ነው። ዝዋይ ላይ መፈራት ያለበት ሰዓቱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ባቱ አደርን። ዋጋውን ማታውኑ ጨረስን። ቤንዚኑ፣ የነጂው አዳር፣ ስንመለስ የምናያቸው ደሴቶች፣ ሁሉም ተነጋግረን ያለቀ ነበር። ጠዋት ላይ ተሳፋሪ በበዛበት ወደብ ክርክር ከመግጠም ይሄ ይሻላል። ላይፍ ጃኬት ግን ከቤት ይዘን ነው የሄድነው። ባለቤቴ ዋና አይችልም፤ በልኩ የሆነ ጃኬት መልበሱ ለሁለታችንም ሰላም ሰጥቶናል። ልብስና ስልክ በወፍራም ላስቲክ ጠቀለልን።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ሐይቁ ጭራሽ አይንቀሳቀስም ነበር። ይብራዎች በመስመር ሆነው ከውሃው ጥቂት ከፍ ብለው ያልፋሉ። ነጂው ከደንገሉ ርቀው ነበር የሚነዱት፤ ጉማሬ እዚያ ውስጥ ነው የሚውለው። ለፎቶ ብላችሁ «ትንሽ ጠጋ በሉልን» እንዳትሉ አደራ።

ቱሉ ጉዶ ከደሴቶቹ ትልቁ ነው። ደብረ ጽዮንም ይባላል። ነዋሪዎቹ ዛዮች ናቸው። ቋንቋቸው ከስልጤና ከሐረሪ ጋር ይዛመዳል፣ ኑሯቸው እርሻና ዓሣ ማስገር ነው። ገደላማውን መሬት በእርከን አድርገው ያርሱታል። ወደ ደብረ ጽዮን ማርያም ሽቅብ ሲወጣ ያ እርከን ግራና ቀኝ ይታያል፤ እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ እኩል ወደድኩት። በትውፊቱ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው የተሸሸጉት እዚህ ነው። ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትም አሏቸው። ጣና ላይ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ሴት አያስገቡም። እዚህ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጫማችንን አውልቀን፣ ከባለቤቴ ጋር አብረን ገባን። ለባልና ሚስት ጉዞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መጣ። ሐይቁ ቡናማ ሆነ፣ አረፋ አወጣ። የአካባቢውን ሰዎች አስፈቅደን ድንኳን ተክለን ነበርና ከላይ ሆነን አየነው። ከአስጋሪዎች ቆሮሶ ገዝተን ጠበስን። ያን ከሰዓት ምንም የምንቸኩልለት ነገር አልነበረም። ባለቤቴ ስለ ልጅነቱ ሰምቼው የማላውቀውን ብዙ አወራኝ። አምስት ደሴት ስናሳድድ ብንውል ኖሮ ይህን ጊዜ አናገኘውም ነበር።

ስለ ጤና ሁለት ነገር ልበል። ውሃው ዳር እግር ነክሮ መቀመጥ ያምራል፤ ዝዋይ ውስጥ ግን ቢልሃርዚያ (ከውሃው በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ) አለ፣ ስለዚህ ይቅርባችሁ። ወባም አለ። አጎበር ድንኳን ውስጥም ያስፈልጋል፣ የክረምቱ መውጫ ደግሞ ትንኙ የሚበረታበት ነው።

በማግስቱ በጠዋት ተመለስን። ደብረ ሲናና ገሊላ የሚባሉትን ደሴቶች በመንገዳችን ላይ ከጀልባ ሆነን አየናቸው። ነፋሱ ሳይነሳ ባቱ ገብተን ምሳ በላን።

በክረምት መሄድ ለማይሆንላችሁ የጽዮን ማርያም በዓል ኅዳር 21 ነው። ያኔ ዝናቡ ያበቃል። ነጂውን ግን ቀደም ብላችሁ አናግሩ፣ አዳሩንም አብራችሁ ተስማሙ።