የመስቀል ወፍ ኅዳር ላይ የት ነው?

ውድ ወዳጆቻችን፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! በእሑድ ጠዋት ጉዞ አብራችሁን የምትወጡ፣ ችግኝ የምትኮተኩቱ፣ ከሩቅ ሆናችሁ «ይህ ወፍ ማን ይባላል?» እያላችሁ ፎቶ የምትልኩ ሁሉ፣ 2018 ዓ.ም. የሰላም፣ የጤናና የጥጋብ ዘመን ይሁንላችሁ።

ዓመቱን ሙሉ ጠፍቶ ለበዓል ብቅ የሚለውን ዘመድ «የመስቀል ወፍ ሆንክ እኮ!» እንለዋለን። አባባሉ ያምራል፣ ወፉን ግን ይበድለዋል። የመስቀል ወፍ እየተባለ የሚጠቆመው ወፍ ከአገር አገር ይለያያል። አንዱ ጋ ምንቃሩ ቀይ፣ ጅራቱ ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው፤ ሌላው ጋ ፍም የመሰለ ቀይና ጥቁር፤ ሌላው ጋ ደግሞ ወገቡ ላይ ቢጫ ጣል ያደረገ ጥቁር። ሁሉም ዘር ለቃሚዎች ናቸው፤ የሁሉም ወንዶች ደማቁን ላባ በክረምት ለብሰው በበጋ ያወልቃሉ። ነገሩ የሣር ጉዳይ ነው። ሣሩ ዘር የሚቋጥረው በክረምቱ ማብቂያ ስለሆነ ጫጩት ማሳደግ የሚቻለው ያኔ ነው፤ ወንዱም ሴቷን የሚያማልልበት ላባ የሚያወጣው ለዚያ ወቅት ነው። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ ላባው ይረግፍና ቡናማ ሽንትርትር ይሆናል፤ ከሴቶቹና ከዘንድሮ ጫጩቶች ጋር ተቀላቅሎም በመንጋ ይዞራል። በታኅሣሥና በጥር አውድማ ላይ ጭድ ስር ሲለቅም አይተነው «ድንቢጥ ነው» ብለን አልፈነዋል።

ለይቶ ማወቅ ይቻላል። ጅራተ ረጅሙ ወንድ ጅራቱን ቢጥልም ቀይ ምንቃሩን ይዞ ይከርማል፤ ራሱ ላይም ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። ባለ ቢጫ ወገቡ የወገቡን ቢጫ አይጥልም፤ ቆሞ ሳለ በክንፉ ስለሚሸፍነው ሲነሣ ጠብቁት። የጅራተ ረጅሙን ጎጆ ግን አትፈልጉ፣ የለውም። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው ከእሷ በሚያንሱ ዘር ለቃሚ ወፎች ጎጆ ውስጥ ነው፤ ጫጩቷም የባለቤቶቹን ጫጩቶች ሳትገፋ አብራ ታድጋለች።

የዚህ ዓመት ምኞታችንም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በመስከረም የምንወጣውን ያህል በሌሎቹ አሥራ ሁለት ወራትም እንውጣ።

ስለ በዓሉ ጥቂት እንበል። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ናት። ዘሯ መሬት ካልወደቀ ለከርሞ የምትተካበት ሌላ መንገድ የላትም። አንድ አበባ ብለን የምንቆርጠው ብዙ አበቦች የተሰበሰቡበት ራስ ነው፤ ዙሪያውን ያሉት ቢጫዎች ለንብና ለዝንብ መጥሪያ ሲሆኑ ዘሩን የሚይዙት መሃል ያሉት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ስለዚህ በመቀስ ቁረጡ እንጂ ከነሥሯ አትንቀሉ፤ ጥቅጥቅ ካለበት ውሰዱ፤ ከአንድ ቦታ ከግማሽ በላይ አትቁረጡ። ግቢያችሁ ውስጥ ካለች ዳሩን እስከ ኅዳር ሳታጭዱ ተዉላት። የደረቀውን ራስ ሰብስባችሁ ለማስቀመጥ የወረቀት ከረጢት ተጠቀሙ፤ በፌስታል ከሆነ እርጥበቱን ያፍንና ይሻግታል።

የቄጠማው ነገር ደግሞ ከአደይም ይብሳል። ለቤታችን የምንጎዘጉዘው ቄጠማ የሚታጨድበት ረግረግ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖር አንድ ቡናማ የውኃ ዶሮ ቤት ነው። ጅራቱን ሽቅብ እየቀሰረ ነጩን የሚያሳየው ይህ ወፍ ረግረጉ በጠበበ ቁጥር እያነሰ መጥቷል። የሚያጭድ ሰው ከጭቃው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ በማጭድ ከቆረጠ ቄጠማው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከዳር ጀምሮ ወደ ውስጥ ትንሽ ብቻ መግባት፣ መሃሉን አለመርገጥ። ከምትገዙት ሰው ጋር ይህን ተነጋገሩበት፤ አብዛኛው አጫጅ ረግረጉ ለከርሞ እንዲኖርለት ከማንም በላይ የሚፈልግ ነው።

በመስከረምና በጥቅምት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት እንግዶች ይገባሉ። ጭራቸውን የሚያወዛውዙ ቢጫ ወፎች ከብቶች እግር ስር ይታያሉ፤ ከዚያ ንስሮች በባብ ኤል ማንደብ በኩል ይሻገራሉ፤ ጥቅምት ሲያልቅ ክሬን የሚባሉት እግረ ረጅም ግራጫ ወፎች ሱሉልታ ሜዳና ቢሾፍቱ አካባቢ ይወርዳሉ። እስራኤል ያላችሁ ወዳጆቻችን በዚያው ሰሞን ሁላ ሸለቆ ውጡ፤ እዚያ የሚያርፉት ክሬኖች ከፊሎቹ ጉዟቸውን ወደ እኛ ይቀጥላሉ።

መዝገብ ስትይዙ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ከሁሉም በላይ መረጃ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በማስታወሻ ደብተር «ጠዋት 1:15» ተብሎ የተጻፈው ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ እንዳለ ከገባ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሆንና ጋጋኖ በጨለማ የሚበር ወፍ ሆኖ ይቀራል። ደብተሩ ላይ በእኛው አቆጣጠር ጻፉ፣ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለውን አትርሱ፣ ስታስተላልፉ 6 ሰዓት ደምሩ (ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ላለው ግን 6 ቀንሱ)። ቀኑም እንዲሁ ነው። ዘንድሮ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ውሏል፤ የ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን የ2020 መስከረም 1 ግን 12 ላይ ይውላል፣ እስከ የካቲትም ቀኑ ሁሉ በአንድ ይገፋል። በቃል ከመቁጠር ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን መጻፍ ይሻላል።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን በጥር ነው፣ የውኃ ወፎች ቆጠራ። ለረግረግ ቦታዎች ጥበቃ በሚሠራው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ በዌትላንድስ ኢንተርናሽናል፣ አስተባባሪነት በብዙ አገሮች በአንድ ሰሞን ይካሄዳል፤ ጥር የተመረጠው እንግዶቹ ወፎች ያኔ ጉዞ አቁመው ስለሚረጉ ነው። በሁለት በሁለት እንከፈላለን፤ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይጽፋል። ቆጣሪው ሊጽፍ ዓይኑን ካነሣ ቦታውን ያጣል። ጠዋት ከሐይቁ ምሥራቅ ዳር ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ተመልከቱ፤ ፀሐይ ከጀርባ ሲሆን ቀለም ይለያል፣ ከፊት ሲሆን ሁሉም ጥቁር ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አየሩን ያንቀጠቅጠዋልና ከዚያ በፊት መጨረስ ነው።

ትልቅ መንጋ አንድ በአንድ አይቆጠርም። መጀመሪያ 10 ወፍ ቁጠሩና የያዘውን ስፋት ዓይናችሁ ይልመደው፤ በዚያ ልክ እስከ 100 ሂዱ፤ ከዚያ ያ መቶ በመንጋው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ለኩ። ጀማሪ ሁሉ አሳንሶ ይቆጥራል፣ በተለይ ወፎቹ ተጠጋግተው ሲቀመጡ። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ቁጠሩና መካከለኛውን ውሰዱ። ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ፤ ከኋላችሁ በርሮ የመጣ መንጋ ለብቻው ይጻፍ። ጠልቀው የሚመገቡ ዳክዬዎች ግማሹ ውኃ ስር ስለሚሆኑ ጥቂት ጠብቆ መድገም ያስፈልጋል። ሁለት ቡድን በአንድ ሐይቅ ላይ ካለ ድንበሩን በአንድ ዛፍ ወይም ቋጥኝ ተስማሙ፣ ካልሆነ የመሃሉ መንጋ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ያልለያችሁትን «ያልታወቀ ዳክዬ» በሉ፤ የተገመተ ስም ከባዶው ይልቅ ይጎዳል።

ባዶም ቢሆን ይጻፍ። ሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ለዓመታት ሜዳ ሆኖ ነበር፤ የዚያ ዓይነት ቦታ ታሪክ የሚነበበው ዜሮ ከተጻፈባቸው ዓመታት ነው። አብያታ ሲሸሽና ዓሣው ሲጠፋ ሻላ ደሴቶች ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆኖባቸዋል። ይህን ልብ የምንለው በየዓመቱ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መንገድ የሚቆጥር ሰው ሲኖር ነው።

ባይኖክላር ልትገዙ ለምትጠይቁን፣ 8×42 የሚለውን ፈልጉ። 8 ማጉያው ነው፣ 42 የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊ ሜትር። 10 የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ስለሚያጎላ ለጀማሪ አይመችም። ስታስተካክሉ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመሃሉ ጎማ ለግራው አጥሩ፤ ቀጥሎ ግራውን ጨፍናችሁ ጎማውን ሳትነኩ የቀኙን ቀለበት አዙሩ። ከዚያ በኋላ የሚነካው ጎማው ብቻ ነው። መነጽር የምታደርጉ የዓይን ላስቲኩን ወደ ውስጥ እጠፉት።

በየካቲትና በመጋቢት ጉዞው ወደ መናገሻ ሱባ ደን ነው፤ ጉሬዛው ጎህ ሲቀድ ስለሚጮህ ማልዶ መድረስ ያስፈልጋል። ኮሶ አሁንም አበባ ላይ ካለ ሁለቱን ጾታ ለዩ፤ ሴቴው ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ይንጠለጠልበታል፣ ወንዴው ወደ ብርቱካንማ ይነጣል። ጥዱም ብዙውን ጊዜ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ነውና ፍሬ የሚገኘው ከሴቴው ብቻ ነው።

ዘር መልቀም የክረምቱ ሥራ መጀመሪያ ነው። ከአንድ ያማረ ዛፍ ብቻ መልቀም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ልጆቹ ሁሉ የአንድ እናት ይሆኑና አንድ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። ተራርቀው ከቆሙ በርካታ ዛፎች ልቀሙ። የወይራ ፍሬ ሥጋው ታጥቦ ቅርፊቱ በጥንቃቄ ሲሰነጠቅ ይፈጥናል፤ ዝግባ ግን ወራት ያስጠብቃል፣ አልበቀለም ብላችሁ መደቡን አትገልብጡ።

ተከላው ከሐምሌ አጋማሽ ባያልፍ እንወዳለን። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ያልቅበታል። ጉድጓዱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ቀድሞ የተቆፈረ፣ የላዩ አፈር ለብቻው የተቀመጠ ይሁን፤ ሲተከል የላዩ አፈር መጀመሪያ ይገባል። ፕላስቲኩ መውለቅ አለበት፤ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ዓመት ለምለም መስሎ ቆይቶ ይደርቃል። ከታች የተጠመዘዘውን ሥር በምላጭ ቁረጡ። አንገቱ ከመሬት ጋር እኩል ይሁን። ጥር ላይ ተመልሳችሁ ስንቱ እንዳለ ቁጠሩ፤ የሞተውንም በምን እንደሞተ ጻፉ፣ ድርቀት፣ ከብት ወይስ አረም። የተተከለውን ቁጥር ማስታወቅ ቀላል ነው፤ እኛን የሚያስደስተን በጥር ወር የሚገኘው ቁጥር ነው።

በጉዞዎቻችን ላይ ከአንድ መሪ ጋር ከ12 ሰው በላይ አንወጣም፤ ልምድ ያለው አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ከኋላ ይሆናል። ልጆች ይምጡ፣ ከእርሳስና ደብተር ጋር። የወፍ ድምፅ በስልክ አናሰማም፤ ወፉ ተቀናቃኝ መጣ ብሎ ጎጆውን ትቶ ይወጣል። ጎጆ ያለበትንም ቦታ አናሳውቅም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያሉትን ያረጁ ጥዶችና ወይራዎች ለማየት አስቀድመን የደብሩን አስተዳዳሪ እናስፈቅዳለን። የአካባቢው ሽማግሌ የዛፉን ወይም የወፉን ስም ሲነግሩን ከነቦታው እንጽፋለን፤ ስሙ ጎጃም ሌላ፣ መንዝ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ከመስቀል ማግሥት ያለው እሑድ የዓመቱ የመጀመሪያ ጉዞ ነው፣ ገፈርሳ፣ ጠዋት 12:30። ቦቲ ጫማ፣ ውኃ፣ እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ በጤዛ ይፈዛል። ጅራተ ረጅሙን ሣሩ ላይ ሲጨፍር ካያችሁት ቦታውን ምልክት አድርጉበት፤ ጥር ላይ እዚያው ተመልሰን ከቡናማዎቹ መካከል ቀዩን ምንቃር እንፈልጋለን።

መልካም አዲስ ዓመት!