11ኛዋ ጠርሙስ

«መርከቧ ራሷ ብረት ናት። ምንም ነገር አትንኪ።»

የተሳፈርኩ ዕለት የናሙና ቡድኑ መሪ መጀመሪያ የነገረችኝ ይህንን ነው። እውነቷን ነበር። ግድግዳው ብረት፣ ደረጃው ብረት፣ ገመድ የሚጠመጥመው ዊንች ብረት። ቀለም በተላጠበት ሁሉ ዝገት ብቅ ይላል። እኛ ደግሞ የመጣነው ባሕሩ ውስጥ ያለውን ብረት ለመለካት ነው።

የነበርነው ደቡባዊው ውቅያኖስ ላይ ነው። እዚያ የላይኛው ውሃ በብዙ ቦታ በሊትር 0.1 ናኖሞል ያህል የሟሟ ብረት ቢይዝ ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ ለእኔም ምንም አልነገረኝም። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 50 ሜትር ርዝመት፣ 25 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው የመዋኛ ገንዳ 2.5 ሚሊዮን ሊትር ይይዛል። በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ብረት 14 ሚሊግራም ነው። ወረቀት የምናያይዝባት የስቴፕለር ሽቦ ግማሿ ማለት ነው።

የብስ ላይ ብረት ሞልቷል። ባሕር ውስጥ ግን ኦክስጅን ሲያገኘው ይዝግና ይዘቅጣል። የሟሟው ጥቂቱም አብዛኛው ከኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ጋር ተጣብቆ ነው የሚቆየው። ፋይቶፕላንክተኖች (በውሃው ላይ የሚንሳፈፉ፣ እንደ ተክል የሚኖሩ ደቂቅ ፍጥረታት) ደግሞ ያለ ብረት ከፀሐይ ብርሃን ምግብ መሥራት አይችሉም። እንደ ማዳበሪያ የሚመገቡትን ናይትሬት ለመጠቀም እንኳ ብረት ይፈልጋሉ። ስለዚህ እዚያ ናይትሬቱም ፎስፌቱም ሳይነካ ተርፎ ታገኘዋለህ። ማዕዱ ተዘርግቶ በላተኛ የለም።

ይህን ለማወቅ ዘመናት የፈጀው ሰው ስላልለካ አይደለም። ለክቶ ነበር። ግን የድሮዎቹ ልኬቶች ብዙዎቹ የለኩት ከገመዱ፣ ከጠርሙሱና ከመርከቡ የመጣ ብረት ነበር። የውቅያኖስ ተመራማሪው ጆን ማርቲንና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክ በጥንቃቄ የቀዱትን ንጹሕ ውሃ ይዘው የጎደለው ብረት መሆኑን አሳዩ። ማርቲን በ1993 አረፈ። በዚያው ዓመት፣ ከወራት በኋላ፣ ባልደረቦቹ ከጋላፓጎስ በስተደቡብ 64 ካሬ ኪሎ ሜትር ባሕር ላይ ብረት ሲበትኑ ፋይቶፕላንክተኑ ለመለመ። ሳያየው መቅረቱ አሁንም ያሳዝነኛል።

የእኔ ሥራ ናሙና መቅዳት ነበር። ሲያዩት ቀላል ነው። ትልልቆቹን የመቅጃ ጠርሙሶች የሚያወርደው ገመድ ብረት ሳይሆን ኬቭላር የሚባል ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ የተደረደሩበትም ቋት የቲታኒየም ነው። ሲወጡ አፋቸው በፕላስቲክ ተሸፍኖ በቀጥታ ወደ ንጹሑ ኮንቴይነር ይገባሉ። ኮንቴይነሩ ውስጥ አየሩ ሳይቀር ተጣርቶ ነው የሚገባው። እኛም ጫማ ቀይረን፣ ቆብና ጓንት አድርገን እንገባለን። ትንንሾቹ የናሙና ጠርሙሶች ጉዞው ሳይጀመር ለሳምንታት አሲድ ውስጥ ተነክረው፣ ታጥበው፣ እያንዳንዳቸው በሁለት ፌስታል ታሽገው ነው የመጡት። አንዷ የውጩን ፌስታል ትከፍታለች፣ ሌላዋ የውስጡን። የውጩን የነካ እጅ የውስጡን አይነካም። ጠርሙሷን በራሱ በናሙናው ውሃ ሦስት ጊዜ ታለቀልቃለህ፣ ከዚያ ትሞላለህ።

አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ማዕበሉ በርትቶ ነበር። መርከቧ ቆማ በምንቀዳበት ጣቢያ ላይ ለመቆየት የተሰጠን ሰዓት እያለቀ ነው። ከ24ቱ ጠርሙሶች 11ኛዋን ስሞላ መርከቧ አጋደለች፤ ክዳኑ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ልቤ ቀጥ አለ። ትርፍ ጠርሙስ ከኮንቴይነሩ ውጭ ነው፤ ለማምጣት ልብስና ጓንት ሁሉ ማውለቅ ሊኖርብኝ ነው። ጓንቴን ቀየርኩ፣ ክዳኑን አለቀለቅኩት፣ ዘጋሁት። ወለሉ ንጹሕ ፕላስቲክ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን መዝገቡ ላይ «ቁጥር 11፣ ክዳኑ ወድቋል» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የዚያን ውሃ ዋጋ አውቃለሁ። ያ ቦታ ላይ መርከብ ተመልሶ የሚሄደው መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ጠዋት መሪያችን መዝገቡን አየችው። «ጽፈሽዋል?» አለችኝ። «አዎ።» «በቃ፣ ሂጂ ተኚ።»

ይህን ያህል የምንጨነቀው ናሙናው የእኛ ብቻ ስላልሆነ ነው። ጂኦትሬሰስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም መርከቦች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ውቅያኖሶችን እያቋረጡ ብረት፣ ዚንክ፣ ካድሚየም፣ እርሳስ ይለካሉ። የሁለት አገር መርከቦች መስመር በሚገናኝበት ቦታ ሁለቱም ይቀዱና ቁጥራቸውን ያስተያያሉ። በ2013 ምሥራቅ ፓስፊክን ካቋረጠው ጉዞ የተገኘውን አስቡት። ከባሕር ወለል ፍል ውሃዎች የወጣ ብረት ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ተገኘ። ጠርሙሶቹ ቆሽሸው ቢሆን ኖሮ ያንን ማን ያምን ነበር?

ውጤታችን የደረሰኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ግራፉን ስከፍት መጀመሪያ የፈለግሁት የዚያን ሌሊት ጣቢያ ነው። ላይኛው ውሃ ላይ ብረቱ ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ወደ ታች ሲሄድ ቀስ እያለ ይጨምራል። ነጥቦቹ ተራ በተራ አንድ መስመር ላይ ተደርድረዋል። አንዷ ብቻ ከጎረቤቶቿ አምስት እጥፍ ብረት አሳይታ ለብቻዋ ቆማለች። ከአጠገቧ «አጠራጣሪ» የሚል ምልክት ተደርጎባታል፣ የጥርጣሬው ምክንያት ደግሞ ከመዝገቡ ላይ ተገልብጧል፦ ቁጥር 11፣ ክዳኑ ወድቋል።