ከ55 እስከ 74 ኪሎ፦ ፍራንክ ቻሚዞ

ዛሬ የነፃ ትግል ተወዳዳሪውን የቻሚዞን የድሮ ግጥሚያዎች ሳይ ዋልኩ። ሰው የሚያወራው አገር ስለመቀየሩ ነው፤ ለኔ ግን ጉዱ ያለው ኪሎው ላይ ነው።

ማታንዛስ፣ ኩባ ተወለደ። በ2010 ሞስኮ ላይ ገና በ18 ዓመቱ በ55 ኪሎ ለኩባ የዓለም ነሐስ አመጣ። በ2012 የኦሎምፒክ ማጣሪያ ኪሎው አልወርድ አለው፣ ተቀጣ። ከዚያ ለጣሊያን መታገል ጀመረ። በ2015 ላስ ቬጋስ በ65፣ በ2017 ፓሪስ በ70 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ መሃል ላይ የሪዮ ኦሎምፒክ ነሐስ አለች።

ሲታገል እጁን ሳይሆን ዳሌውን እዩ። ተጋጣሚው እግሩን ሊይዝ ሲገባ ዳሌውን ወደ ኋላ ይወረውርና ደረቱን ሰውየው ጫንቃ ላይ ይጭናል። ያኛው ለመነሳት ሲታገል እሱ ዞሮ ከኋላ ይይዘዋል፤ 2 ነጥብ። ዳሌ ከዘገየ ግን እግር ተያዘ፣ አለቀ!

በ2018 ደግሞ የተወዳዳሪዎች ኪሎ የሚመዘንበት ሰዓት ከዋዜማ ወደ ውድድሩ ጠዋት ዞረ፤ በሁለተኛው ቀንም እንደገና ይመዘናሉ። ኪሎ ለመቀነስ የሰውነቱን ውሃ አድርቆ የመጣ ሰው ጉልበቱን ለመመለስ ሌሊት የለውም፣ የግጥሚያው ሁለተኛ 3 ደቂቃ ላይ ጉልበት ይከዳዋል። ምሕረትም የለም፤ ህንዳዊቷ ቪኔሽ ፖጋት ፓሪስ 2024 ላይ ፍጻሜ ደርሳ ኪሎዋ በ100 ግራም ስለበለጠ ተሰርዛለች።

ቻሚዞ ወደ 74 ወጣ። ልክ ነበር ባይ ነኝ፣ ግን እዚያ ያሉት በተፈጥሯቸው ግዙፍ ናቸው። በ2019 የዓለም ፍጻሜ በሩሲያው ሲዳኮቭ ተሸነፈ፤ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይም ነሐሱን አሜሪካዊው ካይል ዴክ ወሰደበት።