የጎበጠው እንጆሪ

እንጆሪ እርሻ ላይ አግሮኖሚስት ሆኜ በሠራሁበት ዓመት ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሳጥን እንጆሪ ከማሸጊያ ክፍል ተመልሶ መጣ። ፍሬው በአንድ ወገን ሞልቷል፣ በሌላው ተጨማዷል። ጥርሱን የታመመ ሰው ጉንጭ ይመስላል።

«ቦሮን አንሶት ነው» አልኩ። ቦሮን የተባለው የአፈር ንጥረ ነገር ሲያንስ እንጆሪ እንደሚጎብጥ አውቃለሁ። እዚያው ቆሜ በስልክ አዘዝኩ።

የለቃሚዎቹ አለቃ፣ እትዬ የምንላቸው፣ አንዱን ፍሬ አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ልጄ፣ በዚህ በኩል ዘሩ ገለባ ነው» አሉኝ።

አየሁት። በሞላው ወገን ዘሮቹ ደልበው ተራርቀዋል። በተጨማደደው ግን ደቃቅ ናቸው፤ ተጠጋግተው ቀርተዋል።

ያኔ ነው ትምህርቱ ትዝ ያለኝ። የምንበላው የእንጆሪ ሥጋ የአበባው መቀመጫ ነው። የሚያሳብጠው በላዩ የተለጠፈው ዘር ነው። ዘሩ ሲፀነስ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ከሥሩ ያለው ሥጋም በዚያ ያድጋል። ያልፀነሰው ዝም ይላል። ኒች የተባለ ተመራማሪ በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ ዘሮቹን ከለጋ ፍሬ ላይ ሲለቅማቸው ፍሬው ማደጉን አቆመ። ኦክሲን መሰል ቅባት ሲቀባው አደገ። ዘሩ ውስጥም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ አራቢዶፕሲስ በምትባለው ትንሽ ተክል እንደታየው፣ ለሽሉ ስንቅ የሚሆነው ክፍል ኦክሲን ካልላከ የዘሩ ሽፋን ሥራ አይጀምርም።

ታዲያ ለምን አልፀነሰም? ዛሬ የሚለቀም እንጆሪ የዛሬ ወር አበባ ነበር። መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ከአምስት ሳምንት በፊት ፀረ-ተባይ ስናስረጭ የንብ ቀፎዎቹን ከግሪንሀውስ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። «በኋላ ይመለሳሉ» ብዬ ጽፌያለሁ። ማን እንደሚመልሳቸው ግን አልጻፍኩም። ሄጄ ሳይ ቀፎዎቹ መጋዘኑ ጀርባ ተደርድረዋል፤ ንቦቹ ባሕር ዛፉ ላይ ሥራቸውን ይሠራሉ። ፕላስቲክ ሥር ደግሞ የአበባ ዱቄት የሚያደርስ ነፋስ እንኳ የለም።

ማታውኑ አስገባናቸው። ደህና ፍሬ እስክናይ ግን ሌላ አንድ ወር ጎባጣ ለቀምን። ቦሮኑን ሰረዝኩ።

አላስችል ብሎኝ በመሀሉ ከአንድ ለጋ ፍሬ የግማሹን ወገን ዘር በወረንጦ ለቀምኩ። አንገቴ እስኪደነዝዝ። ሲቀላ ሄጄ አየሁት፤ ልክ እንደ ሳጥኖቹ ጉንጩ አብጧል። ደስ ብሎኝ ለእትዬ አሳየኋቸው።

«ይሄን ደግሞ ማን አበላሸው?» አሉና ወረወሩት።