ስኳሩን ለጠጪው ተዉለት

የአትላንታ ሐምሌ ከባድ ነው። ሙቀቱን ብንችለው እንኳ እርጥበቱ አያስተነፍስም። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በዚህ ሰሞን ጋቢ ደርባ ትኩስ ሻይ ፉት ትላለች። እኛ ቤት ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ጆግ ቀዝቃዛ ሻይ አይጠፋም። የምናፈላው አንድ ሻይ ነው፤ የምንጠጣው ግን ለየቅል ነው። ባለቤቴ ሐኪሙ ስለ ደም ስኳሩ ካስጠነቀቀው ወዲህ ስኳር የሚባል አያስነካም። እዚሁ ያደገው ልጄ ምግብ ቤት የለመደውን ስዊት ቲ፣ በስኳር የጣፈጠውን ቀዝቃዛ ሻይ፣ ይፈልጋል። እናቴ ስኳሩ ከበዛላት ደስ ይላታል። እኔ የቀረፋው ጣዕም እንዲጎላልኝ ስለምፈልግ ጥቂት ይበቃኛል።

አትላንታ ባለችበት በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ሻይ ማለት በረዶ ያለበት ሻይ ነው። ምግብ ቤት ገብታችሁ ሻይ ስታዝዙ አስተናጋጇ የምትጠይቃችሁ ጣፋጩን ወይስ ያለ ስኳሩን ብላ ነው። ነገሩ ምን ያህል ከሕዝቡ ኑሮ ጋር እንደተዋሐደ ለማወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ለአፕሪል 1 ጨዋታ ተብሎ ለግዛቲቱ ምክር ቤት የቀረበውን ረቂቅ ማየት ይበቃል። ቀዝቃዛ ሻይ የሚሸጥ ምግብ ቤት ሁሉ ጣፋጩንም የማቅረብ ግዴታ አለበት ይላል።

እዚህ አገር አሠራሩን ያሳየችኝ አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን ነች። ሻዩ ገና ትኩስ እያለ ስኳሩን ትጨምርና ታማስላለች፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ትሞላበታለች። ምክንያት አላት። ስኳር በቀዘቀዘ ሻይ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፤ ብርጭቆው ሥር ይዘቅጣል። ምሬቱን እንዲያለዝብላት ደግሞ በጣት ቆንጠር አድርጋ ቤኪንግ ሶዳ ጣል ታደርጋለች። ብዙ የደቡብ ሴቶች እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

ልኩ ግን አስደነገጠኝ። ለግማሽ ጋሎን አንድ ስኒ ስኳር። ግማሽ ጋሎን ወደ ሁለት ሊትር ይጠጋል፤ አንድ ስኒ ስኳር 200 ግራም ገደማ ነው። ሩብ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ ስትከፍሉት 25 ግራም ይደርሳችኋል፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለአንዲት ሴት በቀን ከዚህ በላይ የተጨመረ ስኳር አይመክርም። በአንድ ብርጭቆ ቀኑ አለቀ። በሙቀት ቀን ደግሞ አንድ ብርጭቆ ብቻ የሚጠጣ ማነው?

አፋችን ይህን ያህል ስኳር የማይሰማው ስለቀዘቀዘ ነው። ቅዝቃዜ ምላስ ጣፋጭን የሚለይበትን ስሜት ያደነዝዛል። ያንኑ ሻይ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ለብ ሲል ቅመሱት፤ ያቅለሸልሻል።

የእኔን አሠራር ልንገራችሁ። አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ሦስት አራት ቅርንፉድና ጥቂት ሄል አድርጌ አሥር ደቂቃ አፈላለሁ። እሳቱን ካጠፋሁ በኋላ ነው ሻይ ቅጠሉን የምጨምረው። ከአገር ቤት የመጣ የውሽውሽ ሻይ ካለኝ እሱን እመርጣለሁ፤ የከፋ ደጋ ሻይ ቀለሙም ጉልበቱም ደስ ይለኛል። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከቆየ ይመራል፤ የመረረ ሻይ ደግሞ ስኳር ይለምናል። ብዙ ሰው ስኳር የሚያበዛው ሻዩ አብዝቶ ስለፈላ ይመስለኛል። አጥልዬ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እጨምርበትና ጠረጴዛ ላይ ትቼው በራሱ ጊዜ ሙቀቱ ይወጣለታል። ትኩሱን በቀጥታ ፍሪጅ ከከተታችሁት ይደፈርሳል፤ ካፌይኑና ታኒኑ ድንገት ሲቀዘቅዙ ስለሚያያዙ ነው። ጣዕሙን ብዙ አይጎዳውም፤ ጥቂት የፈላ ውሃ ጠብ ብታደርጉበት መልሶ ይጠራል።

ስኳሩን ለብቻው ነው የማዘጋጀው። እኩል ውሃና ስኳር እሳት ላይ አድርጌ ጥርት እስኪል አማስላለሁ፤ ሲበርድ በጠርሙስ አድርጌ ከጆጉ ጎን አስቀምጣለሁ። ሽሮፕ ስለሆነ በበረዶም ውስጥ ወዲያው ይዋሐዳል። ሎሚ የተቆረጠ አለ። ሁሉም ለራሱ ይቀዳል፤ ለራሱ ያጣፍጣል።

ይህን እናቴ አልወደደችውም።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዶች መጡ። ሻዩን በበረዶ ቀድቼ ሽሮፑን አጠገቡ ሳስቀምጥ ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች።

«ልጄ፣ ስኳር አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም እማዬ። ይኸው በጠርሙስ አለ።»

«ታዲያ ምነው ባዶውን ሰጠሻቸው? ስኳር የሌለው ሻይ የበሽተኛ ነው። ሰው ምን ይላል?»

ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ንግግሯን ቀላል አድርጌ አላየሁትም። ወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ እናቴ ሕፃን ነበረች። እኔን ስታሳድግ ደግሞ ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስኳር ከቀበሌ ኅብረት ሱቅ በራሽን ተሰልፎ የሚገኝ ነገር ነበር። ቡፌ ውስጥ ትቆልፈዋለች፤ ቁልፉን በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥረዋለች። ለእኛ ለልጆቿ አንድ ማንኪያ፣ ለእንግዳ ሦስት። የእንግዳው ብርጭቆ ሥር ያልሟሟ ስኳር ካልታየ የነፈገች ይመስላት ነበር። ለሰው ክብር መስጫዋ እሱ ነበር። እኔ ዛሬ ብርጭቆውን ባዶ ሳቀርብ እሷ የሚታያት ንፍገት ነው።

እኔ ደግሞ የሚታየኝ ሌላ ነው። አንዲት ወዳጃችን ቤታችን ስትመጣ የተጣፈጠውን ሻይ ሁሌ ጨርሳ ትጠጣ ነበር። ከጊዜ በኋላ በስልክ ስናወራ ስኳር በሽታ እንዳለባት ነገረችኝ። «ቀድተሽ ሰጥተሽኝ እንዴት አልጠጣም እላለሁ?» አለችኝ። ይሉኝታችንን ታውቁታላችሁ። እንግዳ የቀረበለትን አይመልስም። በእኛ ዕድሜ ካሉ ሰዎች መካከል ስንቱ ስኳርና ደም ግፊት ይዞ እንደሚኖር እያወቅሁ፣ ሰው እኔን ላለማስቀየም ብሎ ራሱን እንዲጎዳ አልፈልግም። ይህን ለእናቴም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ግን አልተስማማችም።

ለየብቻ ማጣፈጥ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ቀዝቃዛ ሻይን ብዙ ሰው የሚያያይዘው እ.ኤ.አ. በ1904 ሴንት ሉዊስ ከተማ ከተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ጋር ነው። ኤግዚቢሽኑ ዝናውን አሰፋለት እንጂ መጠጡ ቀድሞም ነበር። የቨርጂኒያ ሴቶችን የቤት አሠራር የሰበሰበ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 የወጣ አንድ መጽሐፍ ውስጥ አሠራሩ ይገኛል። አረንጓዴ ሻይ ጠዋት ተዘፍዝፎ ይውላል፤ በረዶ በተሞላ ብርጭቆ ሁለት ማንኪያ ስኳር ተደርጎ ሻዩ ላዩ ላይ ይቀዳል፤ ሎሚ ይጨመቅበታል። ስኳሩ በየብርጭቆው ነው፤ ያውም ሁለት ማንኪያ ብቻ። ይህን ሳነብ እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ለጎረቤቴም ነገርኳት፤ «እናቴ ግን ማሰሮው ላይ ነበር የምትጨምረው» አለችኝ። እሷም እንደኔ እናት ከእናቷ የወረሰችውን ይዛለች።

ልጄ ላይ ግን ለውጥ እያየሁ ነው። ሽሮፑን ራሱ መቅዳት ከጀመረ ወዲህ እየቀነሰ መጥቷል። ቀንስ ያለው የለም። ምግብ ቤት ሄደን ስዊት ቲ ሲያዝ አሁን ግማሹን ያለ ስኳር አስቀላቅሎ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ቀረፋውና ሎሚው ይበቃኛል ይላል፤ ሳየውም የቸገረው አይመስልም።

ከእናቴ ጋር ግማሽ መንገድ ላይ ተገናኝተናል። እንግዳ ሲመጣ ሽሮፑን ይዛ የምትዞረው እሷ ናት። ልክ እንደ ቡና በእጇ ታስተናግዳለች፤ ሰውም ከእሷ እጅ መቀበል ደስ ይለዋል። ሳትጠይቂ አትቅጂ ብያታለሁ። አንዳንዴ ትጠይቃለች። አንዳንዴ ሰውየው አፉን ሳይከፍት ጠብ ታደርግና «ትንሽ ናት፣ ትንሽ» ትለዋለች። ለፍልሰታ ጾም መፍቻ የሚሆን ጆግ ሳዘጋጅ ሽሮፑን ሳሳ አድርጌ ላፈላው አስቤያለሁ፤ ስኳሩን አንድ እጅ፣ ውሃውን ሁለት እጅ። እንዲህ ከሆነ እሷም ደጋግማ ትቀዳለች፣ የሰውም ብርጭቆ አይከብድም።