በባሕር ውስጥ ያለ ብረት ብቻውን አይዝግም

አንድ ንጹሕ የብረት ቁራጭ ወደ ባሕር ውኃ ሲገባ በመጀመሪያ የሚለብሰው ባክቴሪያን ሳይሆን፣ በውኃው ውስጥ ከሟሙ ፕሮቲኖችና ስኳሮች በደቂቃዎች ውስጥ የሚሠራ፣ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ነው። ባክቴሪያዎቹ በሰዓታት ውስጥ ይከተላሉ፤ ከተጣበቁም በኋላ ራሳቸው በሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር ተከልለው ይራባሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የዚህ የባክቴሪያ ሽፋን ውስጣዊ አደረጃጀት ነው። ከላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ስለሚጨርሱት፣ ከሥር፣ ብረቱ አጠገብ፣ ኦክስጅን የሌለበት ቦታ ይፈጠራል፤ በዚያም በኦክስጅን ፋንታ ሰልፌት የተባለውን የድኝ ውሕድ የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እያመነጩ ብረቱ በፍጥነት እንዲበላ ያደርጋሉ። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 2.7 ግራም ገደማ ሰልፌት ስለሚይዝ ቀለብ አያጡም። ዝገቱ ሲፋቅ ከሥሩ ጥቁር የብረት ሰልፋይድ ከወጣና የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከሸተተ፣ ምንም እንኳ ይህ ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆን፣ እነርሱን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ቀለም የተቀባ ገጽም አያመልጥም። በመርከብ ቀለም ውስጥ የሚጨመረው መዳብ ብዙ የእንስሳት እጮችን ቢያርቅም፣ መዳብን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችና ዳያተም የተባሉት ጥቃቅን አልጌዎች ይሰፍሩበታል። በመርከብ ቀለም ውስጥ ይጨመር የነበረው ትራይቡቲልቲን የተባለው የበረታ መርዝ የባሕር ቀንድ አውጣዎችን መራቢያ አካል ስላዛባ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በጸደቀውና በ2008 በጸናው ዓለም አቀፍ ስምምነት ታግዷል፤ በእኔ እምነት እገዳው ዘግይቷል። መርዝ አልባዎቹ የሲሊኮን ቀለሞች ትልልቆቹን ተጣባቂዎች መርከቡ ሲጓዝ ያራግፋሉ፣ ስሱ የባክቴሪያ ሽፋን ግን በፍጥነት ጉዞም ቢሆን አይለቅም።