ሪቨርቡን ኢኮኖሚ ላይ አደረግኩት፣ ማንም አላወቀም

«ኢኮኖሚ» የሚል ቃል የተጻፈበትን ዕቃ በፈቃዱ የሚገዛ ሐበሻ አላውቅም። መርካቶ ቻርጀር ልትገዛ ስትገባ ሻጩ «ኦሪጅናሉን ነው ሃይ ኮፒውን?» ይልሃል፣ ኪስህ ባይፈቅድም ዓይንህ ኦሪጅናሉ ላይ ይቀራል። እኔም የጊታር ፕሮሰሰሬን የገዛሁ ሰሞን ይሄው አመሌ አልለቀቀኝም። ሪቨርቡ (ጊታሩ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ የሚያስተጋባው ኢፌክት) ውስጥ «ኳሊቲ» የሚል ምርጫ አለ፦ ኢኮኖሚ፣ ኖርማል፣ ሃይ፣ አልትራ ሃይ። ያሉኝን ፕሪሴቶች (ተዘጋጅተው የተቀመጡ የድምፅ ቅንብሮች) በሙሉ አልትራ ሃይ ላይ አድርጌ ሴቭ አልኩ። ያን ሁሉ ብር አውጥቼ ደግሞ ኢኮኖሚ?

ከዚያ አንድ ሰርግ መጣ።

ጭክጭካው ሞቋል፣ ሙሽሮቹ መሃል ገብተዋል፣ ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀዋል። ሶሎዬ ደረሰና ፔዳሏን ረገጥኩ። እሷ ስትረገጥ ድምፁን የሚያሻክረው ድራይቭ፣ አዘግይቶ የሚደግመው ሁለተኛው ዲሌይና ኦክታቩ አብረው ነው የሚነሱት። ድምፁ ጣቢያ እንደሳተ ሬዲዮ ተንጫረረ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። እኔ ኬብል መስሎኝ ነቅዬ እሰካለሁ። ኪቦርድ የሚጫወተው ጋሼ (ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው) አንድም ቃል ሳይተነፍስ የኔን መስመር በሳክስ ድምፅ ያዘልኝና በአገጩ ወደ እግሬ ጠቆመኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሲፒዩው (የማሽኑ የሂሳብ አቅም) ጣሪያ ነክቷል። ጥፋቱ የኔ ነው። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ሁሌም አለ፣ ቤት ሆኜ ፕሪሴቱን ስሠራ ግን ሁሉንም ኢፌክት አንድ ላይ አብርቼ አይቼው አላውቅም።

ተንበረከክኩ። ጨለማ ነው፣ የአንዷ እናት የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ስክሪኑን ይጋርደኛል። መጀመሪያ የታየኝ ሪቨርቡ ነበር፣ እና ከአልትራ ሃይ ቀጥ ብዬ ወደ ኢኮኖሚ አወረድኩት። ድምፁ ተመለሰ። እስከ ሌሊቱ መጨረሻ በዚያው ተጫወትኩ። ማንም ልዩነት አልሰማም። የባሰው ደግሞ እኔም አልሰማሁም።

ዕቃ ስንጭን ጋሼ «ምን ነክተህ ነው?» አለኝ።

«ሪቨርቡን ቀነስኩት ጋሼ።»

«እኮ! ለዚያ ነዋ ከግማሽ በኋላ የተሰማኸው።»

ቤት ገብቼም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይሄ ኳሊቲ የሚሉት ነገር ታዲያ ምንድነው የሚጨምረው?

እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። እውነተኛ አዳራሽ ውስጥ ድምፅህ ግድግዳና ጣሪያ እየመታ ይመለሳል፣ የተመለሰው ራሱ እንደገና ይመታል፣ በአንድ አፍታ ልትቆጥረው የማትችለው የማሚቶ ክምር ይሆናል። ማሽኑ ይህን የሚያስመስለው ብዙ አጫጭር ዲሌዮችን እርስ በርስ እያቀባበለ ነው። ሐሳቡ አሮጌ ነው። ቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ማንፍሬድ ሽሮደር በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ በሰከንድ 1,000 ገደማ ማሚቶ ካለ ጆሮ አንዱን ከሌላው መለየት ይተዋል አለ። በኋላ የመጡ ሰዎች ደግሞ ለከበሮና ለመሳሰለው አጭር ድምፅ 1,000 አይበቃም፣ ወደ 10,000 መጠጋት አለበት አሉ። ኳሊቲውን ከፍ ስታደርግ በዋናነት የምትገዛው ይህን ጥግግት ነው። የምትከፍለው ደግሞ በሲፒዩ። ድምፁን አያሳምረውም፣ አያሰፋውም፣ አያጎላውም። ማሚቶውን ያጠጋጋዋል፣ በቃ።

ይህ ምርጫ ሁሉም ማሽን ላይ በዚህ መልክ አይገኝም። ፍራክታል የሚባሉት ማሽኖች ላይ ኳሊቲ ራሱን የቻለ መስመር ነው። ላይን 6 ሂሊክስ ላይ የምትመርጠው ሞዴሉን ነው፣ ቀለል ያለውን ሪቨርብ ወይም ከባዱን፣ አቅም ካለቀ የማይገባው ሞዴል ዝርዝሩ ላይ ደብዝዞ ታየዋለህ። ሂሳቡ ግን ያው ነው።

ሰርጉ ላይ ለምን እንዳልተሰማኝም ያኔ ገባኝ። ከበሮው፣ ቤዙና ኪቦርዱ የሪቨርቡን ጭራ (እየከሰመ የሚሄደውን መጨረሻውን) ገና ሳይወጣ ይውጡታል። ስፒከሮቹ ሁለት ቢሆኑም የሚያወጡት አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፣ ስለዚህ ቤት በሄድፎን የተደሰትኩበት ግራ ቀኝ ስፋት እዚያ የለም። አዳራሹ ደግሞ ሴራሚክ ወለል፣ መስታወት፣ ባዶ ግድግዳ። የራሱን ሪቨርብ በነጻ ይሰጥሃል፣ ያውም ሳትጠይቀው። እኔ በዚያ ላይ አልትራ ሃይ ልጨምር ነበር።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን አልተጨረሰም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ጓደኛዬ ለሚቀዳው ዘፈን መግቢያ የሚሆን ትዝታ በጊታር ብቻ ተጫወትልኝ አለኝ። ከሥር ምንም የለም፣ ምት እንኳን የለም። ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፣ በመሃሉ ግን ዝምታው ይበዛል። አንዱን ድምፅ ታነሳለህ፣ ታንቀጠቅጠዋለህ፣ ትተወዋለህ፣ ሊጠፋ ሲል ቀጣዩን እላዩ ላይ ታስቀምጣለህ። ስለዚህ አድማጩ ግማሹን ጊዜ የሚሰማው ጊታሩን ሳይሆን የሪቨርቡን ጭራ ነው። ቀድቼ በሄድፎን ስሰማው መጨረሻው ላይ አንድ የማይረባ ነገር አለ። የድስት ክዳን ሲሚንቶ ላይ ወድቆ፣ ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ ሊቆም ሲል የሚያሰማት ድምፅ አለች አይደል? እሷ። በስሱ፣ ግን አንዴ ከሰማሃት አትለቅህም። ያው ከሰርጉ ሌሊት ጀምሮ ኢኮኖሚ ላይ ትቼው ነው። ሃይ ላይ አደረግኩት፣ ክዳኗ ጠፋች። ጭራው እንደ ትንፋሽ ሆነ።

አልትራ ሃይስ? ታናሽ እህቴን ጠርቼ ማሽኑ ፊት አስቀመጥኳት። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሄድፎን አደረግኩ፣ እሷ በሃይና በአልትራ ሃይ መካከል እንዳሻት ትቀያይራለች።

«ይሄኛው?»

«አልትራ።»

«አይደለም።»

አስር ጊዜ ሞከርን፣ አምስቱን አገኘሁ። ሳንቲም ብወረውርም ያው ነበር። እህቴ ስትስቅ ስለቆየች ሙከራው ሳይንስ ነው አልልም፣ ግን ለኔ በቃኝ።

ራስህ መሞከር ከፈለግክ ትዝታ አያስፈልግህም። ሆል የሚባለውን የሪቨርብ ዓይነት ምረጥ፣ ዲኬዩን (ጭራው የሚቆይበትን ጊዜ) 6 ሰከንድ አድርግ፣ ሚክሱን (የሪቨርቡን ድርሻ) 100 በመቶ። ክሮቹን በመዳፍህ አፍነህ በፒክ አንድ ጊዜ ጠቅ አድርግ። የመጀመሪያውን ሰከንድ እርሳው፣ ጭራውን ብቻ አድምጥ። ክዳኗ ካለች እዚያ ታገኛታለህ። በተጎተተ ክር ግን ትሸወዳለህ፣ የጊታሩ ድምፅ ይሸፍናታል። ስፕሪንግ በሚባለው፣ የሽቦ ጥቅልል በሚያስመስለው ሪቨርብ ላይ ደግሞ አትልፋ። ፌንደር በ1961 ብቻውን የሚቆም የስፕሪንግ ሳጥን ካወጣ ጀምሮ ጊታሪስት የሚወድለት ነገር ያ የሽቦ ንዝረቱ ነው፣ የምትሸሸው ክዳን እዚያ ዋናው ዘፋኝ ነው።

ሲፒዩ ለጠበበው ሌላም ዘዴ አለ። ሪቨርቡ ውስጥ ሞዱሌሽን (ጭራውን የሚያወዛውዝ) አለ፣ በጣም በቀስታ ስታንቀሳቅሰው የክዳኗን ድምፅ ያደበዝዘዋል። ግን ልክ አለው። ትንሽ ካበዛኸው የተጎተተው ድምፅ መወላገድ ይጀምራል፣ ትዝታው ቅኝቱን ሲስት እሰማዋለሁ። አምባሰልም ላይ ያው ነው።

እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኳሊቲውን ከመንካቴ በፊት ሌሎቹን ባስተካክል ኖሮ ግማሹ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ወፍራሙን ድምፅ ከ200 ኸርዝ በታች ቆርጬ፣ ቀጭኑን ከ6,000 በላይ፣ ፕሪ ዲሌዩን (ሪቨርቡ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ክፍተት) 30 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሳደርገው ጊታሩ ከፊት ሪቨርቡ ከኋላ ተቀመጡ። የብረት ድምፁ የሚጎላው በአብዛኛው ላይኛው ክፍል ስለሆነ ያን ስትቆርጥ ኢኮኖሚውም ጨዋ ይሆናል። እነዚህ ሲፒዩ አይበሉም ማለት ይቻላል።

አሁን ሁለት ፕሪሴት አለኝ። «ሰርግ» ኢኮኖሚ ነው፣ ዲኬይ 1.5 ሰከንድ፣ ሚክስ 12። «ቤት» ሃይ ነው፣ ዲኬይ 4 ሰከንድ፣ ሚክስ ልቤ እንደፈቀደ። አልትራ ሃይ የሚል ፕሪሴት የለኝም። የሰርጉን ሁሉንም ኢፌክት አንድ ላይ አብርቼ ሲፒዩውን አየሁት፣ 71 በመቶ ይላል። ቅዳሜ ሥራ አለን፣ የተረፈችውን ለሁለተኛው ዲሌይ ልጨምርለት ወይስ ልተወው እያልኩ ነው። ጋሼን ብጠይቀው መልሱን አውቀዋለሁ።